የእንፋሎት ባቡር ሽርሽር ላይ ዲዝል ለምን ይቀጠላል?

የከዚራ ልጅ

አቦ እንዴት ናችሁ? የባቡር ነገር የሚገባው ሰው ካለ ይመልስልኝ።

ሰሞኑን የአሜሪካኖቹን ቢግ ቦይ ቪዲዮ እያየሁ ነው። 4014 የሚባለውን ግዙፍ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ። እ.ኤ.አ. በ1941 ተሠርቶ፣ ጡረታ ወጥቶ፣ ስንት ዘመን ሙዚየም ቆሞ፣ በ2019 እንደገና ሐዲድ ላይ የወጣውን። ሲመጣ ሰው ከነልጆቹ መንገድ ዳር ወጥቶ ይጠብቀዋል። የሚያለቅስም አለ። በስልክ እያየሁት እንኳን ልቤ ተነካ። ከዚያ ሎኮሞቲቩ አለፈ፣ የውሃ ተጎታቾቹ አለፉ፣ ቀጥሎ የመጣው ቢጫ ዲዝል ነው! ዘመናዊ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ፣ ፉርጎዎቹና እንፋሎቱ መሀል ገብቶ።

የእንግሊዞቹንም ፈልጌ አየሁ። ፍላይንግ ስኮትስማን ፊት ሆኖ ያጨሳል፣ ከመጨረሻው ፉርጎ ኋላ ደግሞ ሌላ ዲዝል ተቀጥሏል።

ማነው የሚጎትተው? የአጎቴ ልጅ «ጭሱ ለቱሪስት ነው፣ ሥራውን የሚሠራው ዲዝሉ ነው» ብሎ ድርቅ አለ። እኔ አላመንኩትም፣ ግን የማሳምንበት ነገር አጣሁ። የምድር ባቡር ከተማ ልጆች ነን፣ ይህን አብራርቶ የሚነግረን ሰው አይጠፋም ብዬ ነው እዚህ ያመጣሁት።

ሳቢያን መካኒክ

የአጎትህን ልጅ ተሳስተሃል በለው። የሚጎትተው እንፋሎቱ ነው። ቢግ ቦይ እኮ ለትርዒት የተሠራ ማሽን አይደለም። በዋዮሚንግና በዩታ ተራሮች ላይ ከባድ የጭነት ባቡር ይዞ እንዲወጣ ነው የተሠራው። ከነተጎታቹ 500 ቶን ያልፋል። ጥቂት የመንገደኛ ፉርጎ ለእሱ ምንም ማለት አይደለም። ዲዝሉ አንዳንዴ ሲነሳና ዳገት ላይ ያግዘዋል፣ አብዛኛውን መንገድ ግን ዝም ብሎ ነው የሚከተለው።

ታዲያ ለምን ይቀጠላል? ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ብልሽትን ነው። ልክ ነው። 80 ዓመት ያለፈው ማሽን ነው። ኩሽኔታ ይግላል፣ ቧንቧ ያፈሳል፣ የውሃ መግፊያው እምቢ ይላል። መለዋወጫው ሱቅ አይገኝም፣ ቶርኖ ላይ ተቀርጾ ነው የሚሠራው። መንገድ ላይ ቢቆም እሱ ብቻ አይደለም የሚቆመው፣ ከኋላው የሚመጣው የጭነት ባቡር ሁሉ ይቆማል። የመስመሩ ባለቤት ደግሞ ለሽርሽር ብሎ መስመሩን ግማሽ ቀን አይዘጋም። ዲዝሉ ካለ ግን ወዲያው ጎትቶ ቅርብ ጣቢያ ያስገባዋል፣ መንገደኛውም ቤቱ ይገባል።

አሁን ብዙ ሰው የማያስበውን ልንገርህ። ፍሬን።

ከደንገጎ ወደ ድሬ ጭነት ይዞ የወረደ ሾፌር ይህ ወዲያው ነው የሚገባው። ያን ሁሉ ቁልቁለት በእግር ፍሬን ብቻ ከወረድክ ሸራው ይግላል፣ ይሸታል፣ መጨረሻ ላይ አልይዝ ይልሃል። ስለዚህ በማርሽና በሞተር እየያዝክ ነው የምትወርደው። እንፋሎቱ ሲሠራበት የኖረው ፍሬን ግን ብረት ጎማው ላይ የሚጫን ነው፣ ሙቀቱም እዚያው ጎማው ላይ ይቀራል። የእነዚህ ሎኮሞቲቮች ትልልቅ ጎማዎች ዙሪያቸውን የብረት ቀለበት አላቸው። ቀለበቱ የሚገጠመው በእሳት ግሎ ሲሰፋ ነው፣ ሲቀዘቅዝ ይጨመቅና ጎማውን አንቆ ይይዛል። ለረጅም ሰዓት ፍሬን ተይዞ ጎማው በጣም ከጋለ ያ ቀለበት መልሶ ይሰፋል። ሊላቀቅ ይችላል ማለት ነው። አዲስ ቀለበት ደግሞ ዛሬ አዝዘህ ነገ የምታገኘው ነገር አይደለም።

ዲዝሉ ሌላ ነገር አለው። ናፍጣው ጀነሬተር ያዞራል፣ ጀነሬተሩ ጎማዎቹ ላይ ላሉት ሞተሮች መብራት ይሰጣል። ቁልቁለት ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ጎማዎቹ ሞተሮቹን ያዞራሉ፣ ሞተሮቹ መብራት ያመነጫሉ፣ መብራቱ ሬዚስታንስ ውስጥ ገብቶ ሙቀት ሆኖ ከላይ በማራገቢያ ይወጣል። ባቡሩ ይያዛል፣ ጎማው ግን አይግልም፣ የሚበላ ብረትም የለም። ስለዚህ ዳገቱን እንፋሎቱ እያጨሰ ይወጣዋል፣ ቁልቁለቱን ዲዝሉ ይይዝለታል። የቢግ ቦይ ባለቤት በሆነው የባቡር ኩባንያ በዩኒየን ፓሲፊክ የእንፋሎቱ ነጂ ራሱ ከመቀመጫው ሆኖ ዲዝሉን የሚቆጣጠርበት መሣሪያ ገጥመዋል። ሁለቱ ማሽን ነጂያቸው አንድ ነው።

ሌላም አለ። አሜሪካ ዋና መስመር ላይ ነጂው ቀይ ሲግናል ሊያልፍ ቢሄድ ወይም ከተፈቀደው በላይ ቢፈጥን ባቡሩን በራሱ የሚያቆም ኮምፒውተር አብዛኛው ቦታ ግዴታ ነው። ይህን በጭስ፣ በውሃና በንዝረት መሀል የሚሠራ አሮጌ ማሽን ላይ መግጠም ይቻላል፣ ግን ከባድም ውድም ነው። መሣሪያው ያለበትን ዲዝል ይዞ መሄድ ይቀላል።

ድሬ በስደት

እኔ እንግሊዝ ነው የምኖረው። እነዚህን ሽርሽሮች ስከተል ዓመታት አልፈውኛል፣ ስለዚህ የእዚህን ልጨምር። ዓመተ ምህረቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው።

እንግሊዞች የመንግሥት እንፋሎት ባቡር ያቆሙት ነሐሴ 1968 ነው። ከዚያ ለተወሰነ ጊዜ ከፍላይንግ ስኮትስማን በቀር ዋናው መስመር ላይ እንፋሎት ከለከሉ፣ እንደገና የፈቀዱት 1971 ላይ ነው። እንፋሎቱ ሲቆም ግን አብረውት የሚኖሩት ነገሮች ሁሉ ናቸው የጠፉት። በየጣቢያው ውሃ የሚሞላበት ቧንቧ ተነቀለ። የከሰል መጫኛው ፈረሰ። ሎኮሞቲቭ የሚዞርበት ክብ ማዞሪያ ተሸጠ። ፍላይንግ ስኮትስማንን ይዞ የነበረው ሰውዬ ገና በ1966 ውሃ የሚሞላበት ቦታ እያጣ ስለሄደ ሁለተኛ የውሃ ተጎታች ነው የቀጠለለት። ዛሬ ውሃ የሚቀዳው ከቦቴ መኪና ወይም ከከተማው መስመር በቱቦ ነው።

ስለዚህ እዚህ ዲዝሉ ኋላ የሚቀጠልበት ትልቁ ምክንያት መመለስ ነው። ባቡሩ የባሕር ዳር ከተማ ደረሰ እንበል። ሎኮሞቲቩ የሚዞርበት ማዞሪያ የለም። ዲዝሉ ኋላ ካለ ግን ሲመለሱ ኋላ የነበረው ፊት ይሆናል፣ አለቀ። ወደ ኋላ እየነዱ መመለስ ይቻላል፣ ግን ነጂው በከሰል ተጎታቹ ላይ አሻግሮ ሊያይ ነው፣ ፍጥነቱም ይቀንሳል።

ሁለተኛው መብራት ነው። ድሮ ፉርጎዎቹን የሚያሞቀው የሎኮሞቲቩ እንፋሎት ራሱ ነበር፣ በቧንቧ እየሄደ። የዛሬዎቹ ፉርጎዎች ማሞቂያቸውም፣ ኩሽናቸውም፣ አየር ማቀዝቀዣ ካላቸው እሱም በመብራት ነው። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ይህን ያህል መብራት አይሰጥም። ወይ ጀነሬተር የተጫነበት ፉርጎ ትቀጥላለህ፣ ወይ ዲዝሉ ይሰጥሃል። እራት እየተበላ የሚኬድበት ሽርሽር ላይ ሾርባውን የሚያሞቀው ብዙ ጊዜ ኋላ ያለው ዲዝል ነው።

ሦስተኛው ሰዓት ነው። እንፋሎት እዚህ በሰዓት ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ እንዲሄድ አይፈቀድለትም። ከኋላው በ200 የሚመጣ ባቡር አለ። ዝናብ ሐዲዱን አርጥቦት ዳገት ላይ ሲነሳ ጎማው ቢንሸራተትና ደቂቃዎች ቢያልፉ፣ የሌላው ባቡር መዘግየት ይቆጠርብሃል፣ ገንዘብም ይከፈልበታል። ዲዝሉ ያን ጊዜ ትንሽ ገፋ ያደርገዋል።

እሳትም አለ። በእነሱ በጋ ሙቀት ሲበረታና ሳሩ ሲደርቅ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ፍንጣሪ መንገድ ዳር ያለውን ሁሉ ያቃጥላል። እንፋሎቱ በኃይል በሠራ ቁጥር ፍንጣሪው ይበዛል። ዲዝሉ ከኋላ ሸክሙን ሲጋራው ፍንጣሪው ይቀንሳል። ድርቁ ከባሰ እንፋሎቱን ጭራሽ ያስቀሩትና ጉዞው በዲዝል ይሆናል።

ያለ ዲዝል የሚሄዱ ሽርሽሮችም አሉ። ማስታወቂያው ላይ ይጽፉታል፣ አፍቃሪው እሱን መርጦ ይገዛል።

ጀጎል በር

ሐረር አስጎብኚ ነኝ። የተጻፈውን በደንብ አነበብኩት፣ ቴክኒኩ ገብቶኛል። ግን እንግዳ ይዤ ስለምዞር አንድ ነገር ቅር ይለኛል።

ሰው ለእንፋሎት ብሎ ከፍሎ መጥቶ ፊት ለፊት ዲዝል ካየ ያዝናል። የከዚራ ልጅ በስልክ አይቶ እንኳን አዝኗል። ዲዝሉ አስፈላጊ ከሆነ ከመጨረሻው ፉርጎ ኋላ ይሁን፣ ደግሞ ትኬቱ ላይ ይጻፍ። «ይህ ባቡር በእንፋሎት ይሄዳል፣ ለደኅንነትና ለመመለሻ ዲዝል ይከተለዋል» ብሎ መጻፍ ምን ይከብዳል? ሰው ቀድሞ የተነገረውን አይቀየምም። የሚቀየመው ራሱ ሲደርስበት ነው።

የሕንዱን ዳርጂሊንግ ተመልከቱ። 610 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት ትንሽ ሐዲድ ናት፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1999 መዝግቧታል። እዚያ ረጅሙን ዳገት የምትወጣው ባቡር በዲዝል ነው የምትሄደው። ለቱሪስት ደግሞ ከዳርጂሊንግ እስከ ጉም ደርሳ የምትመለስ አጭር የእንፋሎት ጉዞ አለች። ሁለቱ አልተደባለቁም። ረጅም ርቀት አልደከሙባትም፣ አሮጌዋን ማሽን በአቅሟ ነው የሚያሠሯት። ሰው የሚፈልገውን አውቆ ይገዛል።

ይህን ያነሳሁት በምክንያት ነው። የእኔ እንግዶች ጀጎልን ካዩ በኋላ ድሬ ይወርዳሉ፣ የድሮውን ጣቢያና ወርክሾፕ ሲያዩ አፋቸውን ይይዛሉ። ሁልጊዜ የሚጠይቁኝ «የምንሳፈረው ባቡር የለም?» ነው። አንድ ቀን እንፋሎት እዚህ ቢኖር ምን ይመስል ነበር እያልኩ አስባለሁ።

ደቻቱ ማዶ

ልጆቼ፣ ጥሩ ጨዋታ ይዛችኋል። ቤተሰቤ የምድር ባቡር ቤተሰብ ነው፣ እኔም ወርክሾፑ ውስጥ ነው ያረጀሁት። ሁላችሁም ስለ ዲዝሉ ጻፋችሁ፣ ውሃው ፈልቶ እንፋሎት ስለሚሆንበት ስለ ቦይለሩ ግን ማንም አልነካውም። እኔ ሳየው ግን ዲዝሉ የሚቀጠለው ለቦይለሩ ሲባል ነው።

ቦይለር ዝም ብሎ የውሃ በርሜል አይደለም። የእሳት ማንደጃው ሳጥን ውሃው ውስጥ ነው የተቀመጠው። የሳጥኑ ጣሪያ ሁልጊዜ ከላዩ ውሃ መኖር አለበት። ውሃው ከጣሪያው በታች ከወረደ ብረቱ ይግላል፣ ይለሰልሳል፣ ግፊቱ ይጥሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካ ጌቲስበርግ ላይ የሽርሽር ባቡር እየጎተተ የነበረ ሎኮሞቲቭ ላይ የደረሰው ይኸው ነው፣ ሠራተኞቹ ክፉኛ ተቃጠሉ። ከዚያ በኋላ ሕጉን አጠበቁት። አሁን እዚያ አንድ ሎኮሞቲቭ 1,472 ቀን ከሠራ ወይም 15 ዓመት ከሞላው ተፈታትቶ ቦይለሩ ከውስጥም ከውጭም ካልተመረመረ አይሄድም። እንግሊዝ ደግሞ በ10 ዓመት ነው።

አሁን አስቡት። ዳገት ላይ፣ ከባድ ጭነት፣ ሙሉ ግፊት። እሳቱን የሚመግበው ረዳት ያለ ዕረፍት ይሠራል። ውሃው በፍጥነት ያልቃል፣ ሎኮሞቲቩ አፍንጫውን ወደ ላይ ስላነሳ ውሃው ወደ ኋላ ይሸሻል፣ ጫፉ ላይ ሲደርስና ቁልቁለቱን ሲጀምር ደግሞ ወደ ፊት ይሄዳል። ያቺ ሰዓት ናት የምታስፈራው። ዲዝል ከኋላ ካለ ሸክሙ ይቀላል፣ ሰውየውም ተረጋግቶ መስታወቱ ላይ ያለውን የውሃ ልክ ያያል። ነጂ የነበሩ ሽማግሌዎቻችን ከሁሉም በላይ የሚያወሩት ስለዚያች የመስታወት ቱቦ ነበር።

ሌላው ጊዜ ነው። ዲዝል ቁልፍ አዙረህ ታስነሳዋለህ። ቦይለር ግን ከቀዝቃዛ ተነስቶ ግፊት እስኪይዝ ብዙ ሰዓት ይፈጃል። ትልልቆቹ ከዋዜማው ነው የሚቀጣጠሉት። አቻኩለህ ካሞቅኸው አንዱ ብረት ቀድሞ ይሰፋል፣ ሌላው ይዘገያል፣ መጋጠሚያው ይላቀቃል። ስለዚህ ጠዋት ፉርጎዎቹን ሰብስቦ የሚያሰልፈው ዲዝሉ ነው፣ እንፋሎቱ መጨረሻ ላይ መጥቶ ይቀጠላል።

ውሃ ደግሞ አለ። የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያ ላይ የሚተወውን ነጭ ቅርፊት የማያውቅ የለም። ያ ቅርፊት ቦይለር ውስጥ ሲጋገር ሙቀቱ ወደ ውሃው እንዳያልፍ ይከለክላል፣ ብረቱም ይቃጠላል። በየጊዜው ማጠብ፣ መፋቅ፣ ውሃውን በመድኃኒት ማከም ያስፈልጋል። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬ ሲደርስ፣ በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ እንፋሎት ነበር። ከጅቡቲ እስከ እኛ ያለው አገር ደግሞ ውሃ የሌለው በረሃ ነው። በ1950ዎቹ ዲዝሎቹ እየገቡ እንፋሎቱን ሲተኩት ለዚህ መስመር ትልቅ ዕረፍት ነበር፤ ነዳጁን ይዞ ይሄዳል፣ በየጣቢያው ውሃ አይለምንም።

የከዚራ ልጅ

ጋሼ እድሜ ይስጥልን! ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ የአጎቴን ልጅ እዚሁ አምጥቼ አስነበብኩት። «እሺ ይጎትታል፣ ግን ያለ ዲዝል ወጥቶ አይመለስም» ብሎ አሁንም አልለቀቀኝም።

ግን ጀጎል በር ያነሳችው ነገር ከአእምሮዬ አልወጣም። አዲሱ የአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመር አለ። እዚያ ላይ በዓመት አንዴ እንኳን እንፋሎት ማስኬድ አይቻልም? ወይስ አሮጌው ይሻላል?

ሳቢያን መካኒክ

ለአጎትህ ልጅ ይህን ስጠው። እ.ኤ.አ. በ2023 ቢግ ቦይ ኔብራስካ ውስጥ ብሌር የምትባል ከተማ አጠገብ እየሄደ ሳለ ፊቱ አንድ የጭነት ባቡር ቆሞ ቀረ። ዲዝል የሚጎትተው ባቡር! 4014 ከኋላው መጥቶ ገፍቶ አስነሳው። የ82 ዓመት ማሽን። አንዱ ሌላውን ነው የሚያወጣው።

አዲሱ መስመር ላይ ግን አይሆንም። አሮጌው ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነው፣ አዲሱ 1,435 ሚሊ ሜትር። ለአንዱ የተሠራ ማሽን ሌላው ላይ አይቆምም። ለአዲሱ የሚሆን እንፋሎት ከውጭ ታመጣለህ ብንል እንኳን ከላዩ 25 ሺህ ቮልት ሽቦ ተዘርግቷል። እንፋሎት ላይ የሚሠራ ሰው ውሃ ሲሞላ ተጎታቹ ላይ ይወጣል፣ ከሰሉን በረጅም ዘንግ ወደ ፊት ይስባል። እዚያ ሽቦ ሥር ይህን ካደረገ መንካት አያስፈልገውም፣ መቅረብ ይበቃል፣ ይሞታል። ጥላሸቱም የሽቦውን መያዣ ሲኒዎች ይሸፍናቸዋል፣ መብራት ያፈሳሉ። ከአዳማ ወዲህ ደግሞ መስመሩ ነጠላ ነው። አንድ ብልሽት የአገሪቱን ጭነት ያቆማል።

ድሬ በስደት

ሳቢያን ትክክል ነው። እዚህ እንግሊዝ ሽቦ ባለበት መስመር እንፋሎት ይሄዳል፣ ግን ሽቦ ሥር ተጎታቹ ላይ መውጣት ፈጽሞ ክልክል ነው። ውሃ የሚሞላበት ቦታ ቀድሞ ተመርጦ፣ ሠራተኛው ሠልጥኖ ነው።

የአሮጌው ሐዲድ ነገር ግን ተስፋ አለው። አንድ ሜትር ስፋት ብዙ አገር ነበረ። ኬንያም ከእኛ ጋር እኩል ነው፣ አንድ ሜትር። ናይሮቢ የባቡር ሙዚየም ውስጥ ጋራት የሚባል ግዙፍ እንፋሎት ቆሟል፣ ከ1955 ጀምሮ ከተሠሩት 34ቱ አንዱ። እሱ 250 ቶን አካባቢ ስለሆነ ለእኛ ቀላል ሐዲድ አይታሰብም፣ ግን ትናንሾችም አሉ።

ጀጎል በር

ቅርብ ያለውን አስመራን ለምን ረሳን? ያ መስመር 950 ሚሊ ሜትር ነው፣ ከምጽዋ አስመራ 118 ኪሎ ሜትር፣ ከባሕር ጠርዝ ተነስቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። ጦርነት አፍርሶት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መልሰው የሠሩት ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኞች ተጠርተው ነው። የ1930ዎቹ የጣሊያን እንፋሎቶችን አስነስተው ከመላው ዓለም ቱሪስት አሳፈሩ። ሰው ለዚያች ጉዞ ብሎ ብቻ አህጉር አቋርጦ መጥቷል።

ጋሼ፣ እኛስ? ከድሬ ሽንሌ ድረስ ብቻ እንኳን? ቅርብ ናት፣ መስመሩም ያልፍባታል።

ደቻቱ ማዶ

ልጄ፣ ይቻላል ብዬ አምናለሁ፣ ግን ከጭሱ አትጀምሩ።

የአስመራውን ጥሩ አነሳሽው። እነዚያ ሽማግሌዎች ባይኖሩ ሎኮሞቲቩ ብቻውን ምንም አያደርግም ነበር። እኛም ጋ ቶርኖውን፣ መዶሻውን፣ ፍሬኑን የሚያውቁ ሰዎች በየዓመቱ እያለፉ ነው። ወርክሾፑ ውስጥ ያሉት አሮጌ ማሽኖች ዛሬም ብረት መቅረጽ ይችላሉ፣ የሚይዛቸው እጅ ነው የሚያስፈልገው። ወጣት አጠገባቸው ይቀመጥ። በመጀመሪያ ይህ ይሁን።

ቀጥሎ ዲዝሉ። አንድ የድሮ ዲዝልና ሁለት ሦስት ፉርጎ በደንብ ተጠግነው ሽንሌ ደርሰው ይመለሱ። እንፋሎት ሳይኖር። ሐዲዱ ይፈተሻል፣ እንጨቱ ያረጀበት ይታያል፣ አሸዋ የሸፈነው ይጠረጋል፣ ሕዝቡም ከብቱን ከሐዲድ ላይ ማንሳት እንደገና ይለምዳል። ቱሪስቱ በዚያም ይደሰታል፣ የድሮ ፉርጎ መስኮት ከፍቶ መሄድ ለእሱ ትልቅ ነገር ነው።

እንፋሎት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፣ እሱም ትንሽ። ሲመጣ ያ ዲዝል ከኋላ ይቀጠላል። ሲሄዱ እንፋሎቱ ይጎትታል፣ ሲመለሱ ዲዝሉ ይጎትትና እንፋሎቱ ኋላ ሆኖ ይከተላል፣ ማዞሪያ መሥራት አያስፈልግም። ጀጎል በር እንደምትይው ትኬቱ ላይ ይጻፍ፣ እኔም እስማማለሁ። አካባቢው ደረቅ ነው፣ ሳሩ ይቃጠላል፣ ስለዚህ ጭስ ማውጫው ላይ የፍንጣሪ ወንፊት ይደረግ፣ ከኋላም ውሃ የያዘ ፉርጎ ይኑር። ከከሰል ይልቅ በዘይት የሚነድ ቢሆን ይሻላል፣ ቢግ ቦይንም በ2019 ሲያስነሱት ወደ ዘይት ነው የቀየሩት።

የከዚራ ልጅ

ጋሼ የመጨረሻ ጥያቄ። ዲዝሉ ኋላ ሆኖ ሲገፋና እንፋሎቱ ፊት ሲጎትት፣ አንዱ ፍሬን ቢይዝ ሌላው ባያውቅስ?

ደቻቱ ማዶ

የአየር ፍሬኑ ቱቦ ከፊት እስከ ኋላ አንድ ነው። ከነጂዎቹ አንዱ ብቻ ነው የሚቆጣጠረው፣ ፊት ያለው። ቱቦው ውስጥ አየር ከቀነሰ በየፉርጎው ያለው ፍሬን ሁሉ ይይዛል፣ ቱቦው ቢበጠስም ባቡሩ በራሱ ይቆማል። ኋላ ያለው ነጂ የአየር ሰዓቱ ሲወርድ ያያል፣ ወዲያው መግፋቱን ይተዋል። ለመግፋትና ለመተው ደግሞ ዛሬ ሬዲዮ አለ፣ ድሮ በፉጨት ነበር የሚነጋገሩት። ከመነሳታቸው በፊት አንዱ ሰው ከባቡሩ ወርዶ ከጫፍ እስከ ጫፍ እየሄደ ፍሬኑ በየፉርጎው መያዙንና መልቀቁን በዓይኑ ማየት አለበት። ይህን ሳያደርጉ ከጣቢያ አይወጡም።